የመንዝ ሕፃን ከአንቀልባ እስከ ዳዊት
ስለ ደጋው ሸዋ የሕፃናት አያያዝና ትምህርት ታሪክ

ስለ አገራችን ትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት በሮች በአንዱ ገብተው ይጀምራሉ። አንደኛው በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛውም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። በሁለቱም በሮች የሚገባው ልጅ ግን አፉን የፈታ፥ በእግሩ የሚሄድ፥ የታዘዘውን የሚሰማ ልጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ እዚያ በር እስኪደርስ ድረስ ባሉት ስድስት ወይም ሰባት ዓመታት ማን እንዳሳደገው፥ ማን እንዳነጋገረውና ምን እንደ ተማረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናየው የፈለግነው ይህንኑ የተዘለለውን ዘመን ነው። ለጥናታችንም የመረጥነው አገር ቀየትን ጨምሮ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ነው። ልናስረዳ የምንሞክረው ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። በዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት ከመምጣቱ በፊት ቦታው ባዶ አልነበረም። ሕፃኑን ከአንቀልባ ወደ ምድጃ፥ ከምድጃ ወደ መስክ፥ ከመስክ ወደ የኔታ የሚያሻግር፥ ቅደም ተከተል ያለው አስተዳደግ ነበረ። ዘመናዊው ትምህርት የልጁን ቋንቋ ተቀብሎ ሳለ ቋንቋውን የሚያስተላልፉትን ሰዎች ከደጅ ተዋቸው። በመንዝ ቋንቋው በሙሉ ጤንነቱ ስለሚነገር ይህ ጉዳት ለዓይን አይታይም፤ የማይታይ መሆኑም ራሱ አሳሳቢ ነው።

፩. አገሩና ቤቱ

መንዝ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፈላል፤ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ይባላሉ። በሰሜን ግሼ፥ በምዕራብ በኩል ደግሞ በጥልቅ የወንዝ ሸለቆዎች ተለይቶ መርሐቤቴ ይገኛል። የሸዋ ነገሥታት የዘራቸው ሐረግ የሚቈጠርለት ነጋሢ ክርስቶስ የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ ነው። የመሬቱ ከፍታ በብዙው ቦታ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚያልፍ ስለ ሆነ ብርዱ ይጸናል፤ የሚዘራው ይበልጡን ገብስ ነው፤ የሚረባው ከብት ከሁሉ ይልቅ በግ ነው። ቤቱ በድንጋይ ይታነጻል፤ ልብሱ ከበግ ጠጒር የሚሠራው ባና ነው፤ እሳቱም ይበልጡን የኩበት እሳት ነው።

እነዚህን ነገሮች የምንዘረዝረው አገሩን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። የሕፃኑ አያያዝ ከእነዚሁ ከብርድ፥ ከድንጋይ ቤት፥ ከበግና ከገብስ የተነሣ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ሄዶ ባጠናው መሠረት በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ ታሪክና ባህል መጣጥፍ አወጣ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉም የመንዝን ገበሬ ኑሮ ለውጭው ዓለም አሳወቀ። ከእርሱ በኋላ መንዝ በሊቃውንት ዘንድ የአማራ ገበሬ ሕይወት ምሳሌ ተደርጎ ሲጠቀስ ቈይቷል። እንግዲህ የአገሩን አስተዳደግ ከዚሁ ከቤቱ ውስጥ እንጀምር።

በደጋው ቤት የሕፃኑ የመጀመሪያ ማደሪያ የእናቱ ጎን፥ ሁለተኛውም አንቀልባው ነው። እናቲቱ በአራስነቷ ከከባድ ሥራ ተለይታ ትቀመጣለች፤ ጎረቤት ገንፎ እየሠራ ይጠይቃታል፤ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በዚያን ቀን ሕፃኑ ስም ብቻ አያገኝም፤ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ያገኛል። ስለዚህ ገና ጡት ሳይተው ከወላጆቹ ሌላ ስለ እርሱ የሚጠየቅ አንድ ሰው አለው ማለት ነው። ዛሬ ስለ ሕፃናት የሚጻፉ መጻሕፍት «የማኅበረሰብ ኀላፊነት» የሚሉትን ነገር የመንዝ ገበሬ በዚህ መልክ ያውቀዋል።

አንቀልባው ከለፋ ቆዳ ይሠራል፤ ባለ አቅም ሲሆን በዛጎል ይሸለማል። ሕፃኑን በጀርባ ላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ በዚያ ብርድ የእናት ጀርባ ከምድጃ ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ ሕፃኑ ከሥራና ከንግግር አለመለየቱ ነው። እናቱ ስትፈጭ፥ ስትጋግር፥ ውሃ ስትቀዳ፥ ገበያ ስትወርድ ሕፃኑ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ያያል፤ ሰው ሰላምታ ሲሰጣትና ስትመልስ ይሰማል። እናቲቱ ሥራ ሲበዛባት ታላቅ እኅት ወይም አያት ትቀበላለች። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው እንደሚባለው፥ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል እንጂ ብቻውን ተለይቶ የሚቀመጥበት ክፍል የለውም።

ከአንቀልባ ከወረደ በኋላ ለልጁ የሚሰጠው ሥራ እንደ ዕድሜው ይመጠናል። በአራትና በአምስት ዓመቱ ስጥ ከዶሮ ይጠብቃል፤ እሳት ከጎረቤት ይጭራል፤ መልእክት ያደርሳል። ከዚያም ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል፤ ሴቷም ኩበት ትለቅማለች፥ ታናሿን ታዝላለች፥ በትንሽ እንስራ ውሃ ትቀዳለች። የልጅ ሥራ የቤተ ሰቡ ችግር የወለደው መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በውስጡ ትምህርት ነበረ። መልእክት የሚያደርስ ልጅ የሰማውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ መድገም አለበት፤ ለትልቅ ሰው «እርስዎ»፥ ለእኩያው «አንተ» ማለትን ይለያል፤ በጎቹን ሲቈጥር ቍጥርን፥ መልካቸውን ሲለይ የቀለምንና የአቀማመጥን ስም ይማራል።

፪. የምድጃው ትምህርት

ማታ በምድጃው ዙሪያ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ የቃል ትምህርት ነው። ለሕፃኑ እሽሩሩ፥ ከፍ ላለው ተረት፥ ለበረታው እንቆቅልሽ ይቀርባል። ይህ ተራ የዘፈቀደ አይደለም። እሽሩሩ ሕፃኑን ከቋንቋው ዜማ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ተረቱ ነገርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ መከተልን ያስተምረዋል፤ እንቆቅልሹ ግን ነገርን ከሌላ ነገር ጋር አመሳስሎ ማሰብን ይጠይቀዋል።

ስለ እንቆቅልሽ ጥቂት መናገር ይገባናል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምናውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ያወቀውን አገር ስም ይሰጣል። ጠያቂው አገሩ ካላማረው አልቀበልም ይላል፤ ሌላ ይጨመርለታል። በዚህ ዓይነት ከቀዬው ወጥቶ የማያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ የአውራጃውንና የሩቅ አገሮችን ስም በየማታው ይደግማል። ካርታ ያልተሰቀለበት የጂኦግራፊ ትምህርት ብንለው የተጋነነ አይሆንም። ከዚህም በላይ ልጁ መሸነፍን ሳይቀየም መቀበልን፥ ነገርንም ከላይ ከሚታየው ትርጓሜው ዝቅ ብሎ መፈለግን ይለምዳል። ሰምና ወርቅን በጐልማሳነቱ የሚያደንቅ ሰው መነሻውን ያገኘው ከዚህ ከምድጃው ዳር ነው።

የዚህ ትምህርት ቤት መምህር ከማንም በላይ አያት ናት። እናት በቀን ሥራ ትደክማለች፤ አባት እርሻና ገበያ ይውላል፤ ጊዜና ቃል ያላት አያት ናት። የሽማግሌ ቃል የሚተላለፈው ወላጅን አልፎ ወደ ልጅ ልጅ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ የሚማረው አማርኛ የወላጆቹ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ አማርኛ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

፫. የኔታ ዘንድ

ከምድጃው ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፥ በዛፍ ጥላ ወይም በትንሽ ጎጆ፥ የኔታ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹም ዙሪያቸውን ይከባሉ። የትምህርቱን ሥርዐት አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ በጽሑፍ አቆይተውልናል፤ ሥራቸውንም መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1970 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ልጁ በመጀመሪያ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይቈጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። በአቡጊዳ ፊደላቱ የለመደውን ተራ ትተው ተቀላቅለው ይቀርባሉ፤ ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶ አውቆ ወይም በጆሮው ብቻ ሸምድዶ እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያም የዮሐንስን መልእክት ይይዛል፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቈጠረ፥ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፥ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነበዋል። ወንጌልን አልፎ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ሲጨርስ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሳሉ፤ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። ብዙው የገበሬ ልጅ ከዚህ በኋላ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ጥቂቱ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል።

በዚህ ሥርዐት ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው ፊደል የቈጠረው ልጅ ለሚቈጥረው ማስቈጠሩ ነው። የኔታ አርባ ልጅ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ንባብ የደረሰው አቡጊዳ የያዘውን፥ አቡጊዳ የያዘው አዲሱን ያስጠናል። ስለዚህ ትንሹ ልጅ የሚማረው ከእርሱ ጥቂት ብቻ ከሚበልጠው ልጅ አፍ ነው። ሁለተኛው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመዛወር ዕድሜ ወይም የዓመት መጨረሻ አለመጠበቁ ነው፤ ልጁ ሲችል ያልፋል፥ ሳይችል ይቈያል።

በቈላው በኩል ያሉት የእስላም ልጆችም የራሳቸው ተመሳሳይ ቤት ነበራቸው። በቁርኣን ቤት ሕፃኑ የዐረብኛን ፊደል በሉሕ ላይ ተጽፎለት በዜማ ይቈጥራል፤ እዚያም ታላቁ ታናሹን ያስቈጥራል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ጥበብ ነበራቸው ማለት እንችላለን።

፬. ጒድለቱ

ያለፈውን ዘመን በማመስገን ብቻ ታሪክ አይጻፍም። የደጋው አስተዳደግ ልጆችን የጐዳባቸው መንገዶች ነበሩት፤ አንዳንዱም እስከ ቅርብ ጊዜ የቈየ ነው። እንገር ለአራስ ሕፃን አይሆንም ተብሎ ይጣል፥ በምትኩ ቅቤ ይላስ ነበር፤ ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ይህ የመጀመሪያ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ ነው። እንጥል ይቈረጥ፥ የወተት ጥርስ ገና ሳይወጣ ይነቀል ነበር። የኩበት ጢስ በተዘጋው ቤት ውስጥ የሕፃናትን ሳንባና ዓይን ይጐዳል። ሕፃን ሲታመም ዓይን በልቶት ነው ተብሎ ወደ ሐኪም ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

የፊደል ቤቱም እንዲሁ ነው። ሴት ልጅ ከጥቂት የመኳንንት ቤት ልጆች በቀር ወደ የኔታ አትሄድም ነበር። እንግዲህ በምድጃው ዙሪያ የቋንቋው ዋና ጠባቂ የሆነችው አያት ራሷ ፊደል አትለይም ማለት ነው። ልጁ የሚያነበውም ግእዝ ስለ ሆነ ድምፁን እንጂ ትርጓሜውን አያውቅም፤ በልጅነቱ የሚናገረውን አማርኛ በወረቀት ላይ አያየውም። መጻፍም ለብቻው የሚለመድ ሙያ ስለ ነበረ፥ ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር ማለት አይደለም። አለንጋውንም ማንሳት ያስፈልጋል፤ በፍርሀት የተማረ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ከትምህርቱ ይልቅ ፍርሀቱን ነው።

ባጭሩ ምድጃው ትርጓሜ ያለው፥ ግን ፊደል የሌለው ትምህርት ቤት ነበር፤ የየኔታ ቤት ደግሞ ፊደል ያለው፥ ግን ለሕፃኑ ትርጓሜ የሌለው ትምህርት ቤት ነበር። የሚያስፈልገው ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ይህን ድልድይ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ነው።

፭. የአማርኛ መጽሐፍና መዋዕለ ሕፃናት

አማርኛን የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ የተደረጉ የመጀመሪያ ሙከራዎች ከደጋው ሩቅ አልነበሩም። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት መጡ፤ ክራፕፍም እስከ 1834 ዓ.ም. ቈየ። ኢዘንበርግ በ1841 እ.ኤ.አ. የአማርኛ መዝገበ ቃላት፥ በ1842 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው በለንደን አሳተመ። ዓላማቸው ስብከት ነበር፤ በአገሩ ሃይማኖት ላይ የነበራቸውም አስተያየት ካህናቱን አላስደሰተም። ሆኖም የሚነገረውን አማርኛ ለትምህርት በኅትመት ማዋል ይቻላል የሚለው አሳብ በሸዋ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ሆነ። ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈቱት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለመንዝ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ አማርኛ የእናታቸው ቋንቋ ላልሆነ የሌላው አገር ልጆች ግን ያው የባዕድ ቋንቋ ችግር በሌላ መልክ ቀረበላቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ ለመንዝ ልጅ ተሰጥቶ የነበረው መብት ለሌሎችም ተዳረሰ።

የሕፃናቱ ነገር ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት በመጀመሪያ የታየው በከተማ፥ ያውም ለውጭ አገር ሰዎችና ለባለ ጠጎች ልጆች ነው። በደርግ ዘመን በ1981 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራትም መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፍቱ ተደረገ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለ ሀብቶች፥ ለሃይማኖት ድርጅቶችና ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ተተወ። ከዚህም የተነሣ መዋዕለ ሕፃናት የከተማ ነገር ሆኖ ቀረ፤ በከተማም ቢሆን ወላጅ የሚከፍለው ልጁ እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲናገርለት ነው።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፥ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጒዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ የወላጆችን ትምህርት ከምሰሶዎቹ አንዱ አደረገ። በገጠሩም ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚከፈተውና በተለምዶ ዜሮ ክፍል የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ከፍ ያሉት ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት እያጫወቱ የሚያስተምሩበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ደረጃ በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ደነገገ።

እነዚህ እርምጃዎች የሚያስመሰግኑ ናቸው። ሴቷ ከወንዱ ጋር እኩል ገብታለች፤ ልጁም የሚናገረውን አማርኛ በመጽሐፍ ያገኘዋል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፥ «ከልጅ ለልጅ» እንደ አዲስ ዘዴ ቀረበ፤ የመንዝ ልጅ ግን በየኔታ ዛፍ ሥር ታላቁ ታናሹን ሲያስቈጥር የኖረ ነው። ዘዴው ከአገሩ ልማድ ጋር ተያይዞ ቢቀርብ ኖሮ ወላጅ እንደ እንግዳ ነገር አያየውም ነበር። ሁለተኛ፥ ዜሮ ክፍል በብዙ ቦታ ለታላላቆቹ በተሠራው ክፍል፥ ለታላላቆቹ በተሠራው ወንበር፥ ፊደልና ቍጥር በማስቈጠር ብቻ ይውላል። ይህ ከየኔታ ቤት ጩኸቱን ወስዶ አቡጊዳውን መተው፥ ከምድጃውም ምንም አለመውሰድ ነው። ቋንቋው የልጁ ቋንቋ ነው፤ ተረቱ፥ እንቆቅልሹና አያቱ ግን በክፍሉ ውስጥ የሉም።

፮. ከሌሎች የምናገኘው ትምህርት

አንዳንድ አንባቢ «አማርኛ እንደ ሆነ አይጠፋ፤ ምን ያስጨንቃል» ይለን ይሆናል። ለዚህ መልስ ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ቅርብ ጎረቤታችን እንመልከት። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች፤ ነዋሪዎቿም አርጎቦች ናቸው። ዛሬ በዚያ አካባቢ ያሉት አርጎቦች አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል፤ የአርጎብኛ ቋንቋ በአፍ መፍቻነቱ ጸንቶ የተገኘው ወደ ሰሜን ርቀው ባሉት በሾንኬና በጦለሃ ነው። አርጎብኛ በአልዩ አምባ እንዳይነገር ያወጀ ንጉሥ አልነበረም። ወላጅ ለልጁ የገበያውንና የጎረቤቱን ቋንቋ መረጠለት፤ በምድጃው ዙሪያ አንድ ትውልድ ሲዘል ቋንቋው ተቋረጠ። ቋንቋ የሚሞተው በሕፃኑ ጆሮ እንጂ በሕግ መጽሐፍ ላይ አይደለም።

በሩቅ አገር ደግሞ በመንግሥት ትእዛዝ የሆነ አለ። በካናዳ በኦታዋ ወንዝ ተፋሰስ የሚኖሩት አልጎንኩዊኖች፥ እንደ ሌሎቹ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ሁሉ፥ ልጆቻቸው ከቤታቸው ተወስደው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚያድጉበትን ዘመን አይተዋል። በእነዚያ ቤቶች ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ይቀጣ ነበር። የካናዳ መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. ይቅርታ ጠየቀ፤ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑም በ2015 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀደምት ሕዝቦች ሕፃናት ባህልንና ቋንቋን መሠረት ያደረገ የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም በመንግሥት ገንዘብ ተከፈተ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕዝቦቹ ራሳቸው የተሳተፉበት የሕፃናት ትምህርትና አያያዝ ማዕቀፍ ወጣ። በኒው ዚላንድም ማኦሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. «ኮሃንጋ ሬኦ» ማለትም «የቋንቋ ጎጆ» ያሉትን የሕፃናት ቤት ጀመሩ። የዚህ ጎጆ ዋና አሳብ ቀላል ነው፤ ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁት አያቶች ስለ ሆኑ ሕፃኑ ቀኑን ከአያቶች ጋር ይዋል የሚል ነው።

የእኛ ሁኔታ ከእነዚህ ጋር አንድ አይደለም። የመንዝን ልጅ በአማርኛው የቀጣው የለም፤ እንዲያውም አማርኛው የመንግሥት ቋንቋ ነው። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይጠቅማል። እነዚያ ሕዝቦች ቋንቋቸው ሊጠፋ ሲል ነው የአያትን ዋጋ ያወቁት። እኛ አያቶቻችን በሕይወት፥ ቋንቋችን በአፋችን ሳለ እናቶችንና አያቶችን ከሕፃናት ትምህርት ውጭ አድርገናቸዋል። ቋንቋ ቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ይበቃ ነበር፤ ለሕፃን ግን ቋንቋ የሚያነጋግረው ሰው ነው።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኛቸውን ፍሬ ነገሮች በሦስት ለማጠቃለል እንወዳለን።

በመጀመሪያ፥ የደጋው ዜሮ ክፍል የአያትን ወንበር ይፈልጋል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት አንዲት የሰፈር አሮጊት መጥታ ተረት ብትነግር፥ እንቆቅልሽ ብታስጠይቅ፥ ለዚህም ድካሟ ተገቢው ቢከፈላት፥ የመምህሩ ሥራ ይቀላል እንጂ አይከብድም። የ2002ቱ ማዕቀፍ ወላጆችን ከምሰሶዎቹ አንዱ ስላደረገ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም።

ሁለተኛ፥ ከየኔታ ቤት የሚወሰደው አለንጋው ሳይሆን አቡጊዳው ነው። ፊደልን ቀላቅሎ ማሳየት፥ ታላቁን ለታናሹ አስጠኚ ማድረግ፥ ልጁ ሲችል ማሳለፍ፥ እነዚህ በሃይማኖት ሳይለዩ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ልጅ የሚሆኑ የአገር ዘዴዎች ናቸው።

ሦስተኛ፥ የተጣለው ተጥሎ ይቅር። እንገርን መድፋት፥ ጥርስና እንጥል መቈረጥ፥ ሴትን ከፊደል ማራቅ ባህል ስለ ሆኑ ብቻ አይመለሱም። ባህልን መሠረት ማድረግ ማለት መርምሮ መምረጥ ማለት ነው፤ መራጩም ራሱ የአገሩ ሰው መሆን አለበት።

ይህ ነገር የጥናት ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ የቅርቡ ዘመን አሳይቶናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ በኋላም ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ መጽሐፉና ወንበሩ በተዘጋው ቤት ውስጥ ይቀራሉ። ከሕፃኑ ጋር የሚቀሩት እናቱ፥ አያቱ፥ ታላቅ እኅቱና በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ያሉት የኔታ ናቸው። እነዚህን ሰዎች በሰላሙ ጊዜ የትምህርቱ ተካፋዮች ያደረገ አገር በክፉ ቀን ልጆቹ ሳይማሩ አያድሩበትም። ስለዚህ የሕፃናትን ትምህርት ስናቅድ ከሕንፃው አስቀድመን እነርሱን እንቍጠር።